ከረጅሙ መንገድ ወደ ቤት ደጃፍ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል የአገራችን ሰው። ብሂሉ የተነገረው ስለ ጎረቤት ክብር ቢሆንም፣ የረጅም መንገድ ሾፌር ያገባች ሴት ስትሰማው ሌላ ትርጉም ይሰጣታል። ልጇን በሌሊት ሲያተኩሰው አንኳኩታ የምትቀሰቅሰው ጎረቤቷን ነው። የልጁ አባት በዚያች ሰዓት ወይ ከወደብ ጭነት ይጠብቃል፣ ወይ ከዳገት ሥር ጎማ ይለውጣል፣ ወይም ጋቢናው ውስጥ ኩርምት ብሎ ተኝቷል። በስም የቤቱ አባወራ ነው፤ በኑሮው ግን የሩቅ ዘመድ ሆኗል።

የዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የሚነጋገረው ስለዚህ ሰውና ስለ ባለቤቱ ነው። ሾፌሩ ረጅሙን መንገድ ትቶ፣ ማታ ማታ ከቤቱ ወደሚያሳድረው የከተማ ሹፍርና መዛወር ይገባዋልን? ከተዛወረስ ሁለቱ ምን ሊዘጋጁ ይገባቸዋል? ጥያቄው ለሠራዊቱ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። ከአባሎቻችን መካከል መሪ የጨበጡ ብዙዎች ናቸው፤ ሲሰናበቱም ይዘውት የሚወጡት ሙያ ይኸው ነው። መሪ ያልጨበጠውም ቢሆን ከረጅም ግዳጅ ሲመለስ የሚጠብቀው የቤት ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይለይም።

ለምሳሌነት የመረጥነው የምሥራቁን መንገድ ነው፤ ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ፣ በሶማሌላንዷ ሐርጌሳ አልፎ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ጅግጅጋ የሚዘልቀውን። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለቱ የሹፍርና ዓይነቶች በዚህ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ስለሚታዩ ነው።

መንገዱ በሰዓት ሲለካ

እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገራችን ጭነት ዋነኛ የባሕር በር አሰብ እንደነበር የቆዩ ሾፌሮች አይዘነጉትም። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፤ ከባድ መኪናውም ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ቢጀምርም፣ አብዛኛው ጭነት አሁንም የሚጓጓዘው በጎማ ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የበርበራ ወደብ በ2008 ዓ.ም. ለዱባዩ ዲፒ ወርልድ በ30 ዓመት ውል ከተሰጠ በኋላ፣ አዲሱ የኮንቴይነር ማራገፊያ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ከወደቡ እስከ ቶጎ ውጫሌ ያለው 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም በአቡ ዳቢ የልማት ፈንድ ገንዘብ ተሠራ።

ወደብና አስፋልት በቶን ይለካሉ፤ እኛ ግን መንገዱን በሾፌሩ ሰዓት እንለካው። ከበርበራ ሐርጌሳ 160፣ ከሐርጌሳ ቶጎ ውጫሌ 90፣ ከዚያ ጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጅግጅጋ አዲስ አበባ ገና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። አንዱ ጉዞ በድምሩ ከ900 ኪሎ ሜትር ያልፋል ማለት ነው። በርበራ የምትገኘው ከባሕር ጠረፍ፣ ሐርጌሳ ደግሞ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ ጭነት ያዘለው መኪና ገና ከወደብ ሲነሣ ጉዞው ዳገት ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ዳገቱን፣ ኬላውንና መንገድ የሚያቋርጠውን የግመል መንጋ ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ተጓዘ ብንል፣ መሪ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ 20 ሰዓት ይሞላል። ደርሶ መልሱ 40 ሰዓት ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1971 ዓ.ም. ባወጣው 153ኛው ስምምነት፣ አንድ ሾፌር ሳያርፍ ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ በቀን ከ9፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት በላይ መሪ እንዳይጨብጥ፣ በየ24 ሰዓቱም ያልተቆራረጠ የ10 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ደንግጓል። ስምምነቱን ያጸደቁ አገሮች ጥቂቶች ቢሆኑም መለኪያው ጠቃሚ ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን ደርሶ መልሱ አምስት ቀን ይፈጃል። ጭነት መጠበቁ፣ ጉምሩኩና ማራገፉ ገና አልተቆጠሩም። ሾፌሩ በወር ውስጥ ከቤቱ የሚያድርበትን ሌሊት ባለቤቱ በጣቷ ቆጥራ ትጨርሰዋለች።

ጉዞውን ለማሳጠር ሲባል የሚቀነሰው እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይተካከላል። እንዲህ ያለው ሾፌር ጠጅ ሳይቀምስ ሰክሯል ማለት ነው። ጫቱ እንቅልፉን ያባርርለታል እንጂ ድካሙን አያስወግድለትም። የተበደረውን እንቅልፍ ሰውነቱ አንድ ቀን ማስከፈሉ አይቀርም፤ የሚያስከፍለውም ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ከዚህም ሌላ በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ መንገዶች ላይ በሾፌሮች ላይ የደረሰው እገታና ግድያ የብዙ ቤተሰብ እንባ ሆኗል። ኤች አይ ቪ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአገራችን ሲሠራጭ ቀድሞ ከጎዳቸው ወገኖች መካከል የረጅም መንገድ ሾፌሮችና በየማደሪያ ከተማው የሚኖሩ ሴቶች እንደነበሩበትም የሚታወስ ነው። ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ከቤት ርቆ ማደር ለሰው ልጅ ከባድ ፈተና መሆኑን ለማሳሰብ፣ ባልና ሚስትም ሳይተፋፈሩ ተያይዘው እንዲመረመሩ ለመምከር ነው።

ከዚህ መንገድ መውጣት የሚመኘው የእኛ ሾፌር ብቻ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሹፍርና በሚተዳደሩባት አሜሪካ፣ በታላላቅ የረጅም መንገድ ጭነት ኩባንያዎች በየዓመቱ ሥራ የሚለቀው ሾፌር ቁጥር ለረጅም ዓመታት በአማካይ ከጠቅላላው 90 በመቶ በላይ ሆኖ መቆየቱ ተመዝግቧል። መንገዱ ሰፊ፣ መኪናው ዘመናዊ፣ ደመወዙም በዶላር የሚከፈል ሆኖ ሳለ ሰው ቤቱን ይናፍቃል።

ሐርጌሳ ከዳርና ከመሐል

የረጅም መንገድ ሾፌር ሐርጌሳን የሚያውቃት በዳሯ ነው። ከባድ መኪና መሐል ከተማ ሳይገባ እንዲያልፍ በብሪታንያ መንግሥት ገንዘብ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የዳር ማለፊያ መንገድ ተሠርቷል። ሾፌሩ ከዚያ ሆኖ መብራቷን አይቶ ያልፋል። የከተማው ሾፌር ግን መብራቱ ከበራባቸው ቤቶች በአንዱ ያድራል።

ይህ የከተማ ሾፌር ምን ይሠራል? በሐርጌሳ አንዱ ዋነኛ ሥራ ውሃ ማመላለስ ነው። ከተማይቱ ውሃ የምታገኘው በይበልጥ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በሰሜን ከሚገኙት የጌድ ዴብሌ ጉድጓዶች ነው። ጉድጓዶቹና ቧንቧው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቻይናውያን ርዳታ ሲሠሩ የከተማው ሕዝብ ከዛሬው እጅግ ያነሰ ነበር። ከተማው ሲሰፋ ቧንቧ ያልደረሰበት ሠፈር በዛ። ለዚያ ሠፈር ውሃ የሚያደርሰው በቦቴ የሚመጣ ሾፌርና አህያውን የሚነዳ ባለጋሪ ነው።

የውሃ ቦቴ ሥራ ምን ያህል ክብር እንዳለው ጅግጅጋ አካባቢ የሚኖር ሽማግሌ ሁሉ ይመሰክራል። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በጦርነት ስትፈርስ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ በሐርትሼህ ሠፈረ። ሠፈሩ ያረፈው ውሃ በሌለበት ሜዳ ላይ ስለነበር፣ የስደተኛው ሕይወት የተንጠለጠለው ከጅግጅጋ በኩል ውሃ በሚያመላልሱ ቦቴዎች ላይ ነበር። ካምፑ በ1996 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ የአንድ ቦቴ መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ እንስራዋን ይዛ ተሰልፋ የጠበቀች እናት ታውቀዋለች። እነዚያ ሾፌሮች የሚመላለሱት አጭር መንገድ ነበር። ሥራቸው ግን አነስተኛ ነበር የሚል አይኖርም።

መሪው አንድ፣ ሥራው ሌላ

«ሃያ ዓመት ተሳቢ ነድቼ ከተማ ውስጥ መንዳት ያቅተኛልን?» የሚል ሾፌር ይኖራል። መልሱ፣ አያቅተውም፤ እንደገና መማር ግን ይኖርበታል የሚል ነው።

አንደኛው ልዩነት ከጭነቱ ይመጣል። የረጅም መንገድ የነዳጅ ቦቴ ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። የከተማው የውሃ ቦቴ ግን ለየቤቱ እያካፈለ ስለሚሄድ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ግማሽ ሆኖ ነው። አንድ ሺሕ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። አሥር ሺሕ ሊትር ከሚይዝ ቦቴ ውስጥ ግማሹ ሲቀር፣ አምስት ቶን የሚሆን ውሃ ከበርሜሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይማታል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይገፋል፤ በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ይጥላል። ስለዚህ ግማሽ የሆነ ቦቴ ከሞላው ይልቅ ለመገልበጥ ይቀርባል። በአውራ ጎዳና ላይ ባዶና ሙሉ ብቻ የሚያውቅ ሾፌር ይህን ከከተማው ሾፌር መማር አለበት።

ሁለተኛው ልዩነት መንገዱ ነው። በሐርጌሳ መኪና የሚሄደው እንደ አገራችን በቀኝ ሲሆን፣ ከጃፓንና ከባሕረ ሰላጤው ገበያ የገቡት የአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች መሪ ግን ያለው በቀኝ በኩል ነው። እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሰው ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ፣ ከፊት የሚመጣውን ለማየት መኪናውን ወደ ግራ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው የማሮዲ ጄህ ደረቅ ወንዝም ዝናብ ሲጥል በጎርፍ ይሞላል። ፍየሉ፣ ጋሪው፣ ኳስ የሚያሳድደው ልጅ ሁሉ ከመንገዱ ላይ ነው። ካምቢዮው አያርፍም፤ ፍሪሲዮንና ፍሬኑም ከአውራ ጎዳናው ይልቅ ቶሎ ያልቃሉ።

የከተማ መንገድ ጥበት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ሐርጌሳ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. አይታዋለች። በከተማይቱ ትልቁ የዋሄን ገበያ ሌሊት እሳት ሲነሣ፣ መተላለፊያው በሱቅና በመደብ ከመጨናነቁ የተነሣ የእሳት አደጋ መኪኖች ወደ ውስጥ ለመግባት ተቸገሩ፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ሱቆችና መደቦችም ወደሙ። በጠባብ መንገድ ላይ መኪናን በአግባቡ መንዳትና ማቆም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

እንደገና መማር ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመኪና አነዳዷን ከግራ ወደ ቀኝ ስትለውጥ፣ በዚያች ጠዋት የአገሪቱ ሾፌር ሁሉ፣ አንጋፋውም ጀማሪውም፣ እኩል ተማሪ ሆኖ ነበር።

ገንዘብና ክብር

የዝውውሩ ትልቁ እንቅፋት ግን መሪው ሳይሆን ኪሱ ነው። በረጅም መንገድ ላይ ከደመወዝ ሌላ ውሎ አበል አለ። ገንዘቡ የሚመጣው ተጠራቅሞ ነው፤ ዕዳ ይከፈልበታል፣ ለልጆች ልብስ ይገዛበታል። በከተማ ሥራ ውሎ አበሉ ይቀራል። በውሃ ቦቴ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይገባል፤ በሐርጌሳ እንኳ ብዙው ክፍያ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በመጣው ዛድ በተባለው የስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ የሚፈጸም ነው። በትንሽ በትንሹ የገባ ገንዘብ በትንሽ በትንሹ ይወጣል።

ስለዚህ ባልና ሚስት ከመወሰናቸው በፊት አንድ ደብተር ይግዙ። በአንዱ ገጽ መንገዱ የሚሰጠውን፣ በሌላው መንገዱ የሚወስደውን ይጻፉ፦ የምግቡን፣ የአልቤርጎውን፣ የጫቱንና የሲጋራውን፣ የቅጣቱን፣ ለወገብ ሕመም የሚወጣውን የመድኃኒት ዋጋ። ይህን ለሦስት ወር ያህል ሳያቋርጡ ይመዝግቡ። ልዩነቱ ከታሰበው ጠብቦ ይገኝ ይሆናል፤ ሰፍቶም ሊገኝ ይችላል። ሰፍቶ ከተገኘ ለጊዜው በመንገዱ መቆየትና ዕዳን አቅልሎ መመለስ ውርደት አይደለም። የሚያዋርደው ሳይቆጥሩ ወስኖ፣ ከስድስት ወር በኋላ «አንቺ ነሽ ያስተውሽኝ» መባባል ነው።

በአገር ውስጥ የሚቀጠር ሰው ደግሞ ውሉን በጽሑፍ ይጠይቅ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ሠራተኛው በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለው፤ የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀን ማለፍ አይችልም። ማታ ከቤት ለመግባት ብሎ የተዛወረ ሾፌር እኩለ ሌሊት የሚገባ ከሆነ፣ የተለወጠው የመኪናው ታርጋ ብቻ ነው።

የክብሩ ነገርም ይነሣል። በረጅም መንገድ ሾፌር ዘንድ ተሳቢ የሚነዳ ሰው የሚከበርበት የራሱ ዓለም አለ። የምግብ ቤቱ ባለቤት በስሙ ትጠራዋለች፤ ረዳቱ ከአፉ ቃል እስኪወጣ ይጠብቃል። ከተማ ሲገባ ግን የሠፈር ሴቶች «ዛሬ ለምን ዘገየህ?» ብለው የሚቆጡት ባለውሃ ይሆናል። ይህን የሚንቅ ሾፌር ያስብ፤ የሚቆጡት እኮ ስለሚጠብቁት ነው።

በአንድ ቤት ሁለት አዛዥ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ገንዘቡ ተቆጥሮ፣ ሥራው ተለምዶ ካበቃ በኋላ ብዙ ቤት የሚናወጠው ከዚህ ላይ ነውና።

ባል መንገድ ላይ በነበረባቸው ዓመታት ቤቱ አልቆመም። የቤት ኪራዩን የተከራከረችው፣ ዕድሩን የከፈለችው፣ ዕቁቡን የጣለችው፣ ከልጁ አስተማሪ ፊት የቀረበችው እርሷ ናት። ቤቱ የራሱ ደንብና ሰዓት አለው። በዚህ መካከል አባወራው አንድ ቀን «ተመልሻለሁ» ብሎ ይገባና የሬዲዮውን ድምፅ፣ የወጡን ጨው፣ የልጆቹን የመኝታ ሰዓት በአንድ ሳምንት ሊለውጥ ይነሣል። ረዳቱን ያዝበት በነበረ ድምፅ ሚስቱን ያዛታል። እርሷም ለዓመታት ብቻዋን ስትሸከመው የኖረችውን ነገር እንዳላየ ሲያልፈው ልቧ ይሰበራል። በአንድ ክፍል ሁለት አዛዥ ቢኖር ምን እንደሚሆን ወታደር የሆነ ሁሉ ያውቃል። ትእዛዙ ይጋጫል፤ የሚጎዳው ግን ትእዛዝ ተቀባዩ ነው። በቤት ውስጥ ትእዛዝ ተቀባዮቹ ልጆች ናቸው።

ከግዳጅ የምንመለስ የሠራዊቱ አባሎችም ይህን ስሕተት እንደምንሠራው ብንሸሽገው ዋጋ የለውም። አንድ ዓመት ቆይተን እንገባና በማግስቱ ፍተሻ እንጀምራለን።

አዲስ ቦታ የደረሰ ጥሩ አዛዥ በመጀመሪያ የሚያደርገው መረከብ ነው። ያለውን ይቆጥራል፣ ቀድሞ የነበረውን ይጠይቃል፣ የሠራውን ያመሰግናል። የተመለሰ ባልም እንዲሁ ያድርግ። የመጀመሪያውን ወር የቤቱን ሥርዓት ሳይነካ ይይ። ከዚያም አንድ ሥራ ለይቶ «ይህ የእኔ ነው» ይበል፤ ልጆቹን ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ ቢሆን፣ ማታ ደብተራቸውን ማየት ቢሆን። የያዘውን አንድ ሥራ ሳያጓድል ሲሠራ፣ የቀረው በራሱ ጊዜ ይመጣል።

እኅታችን ሆይ፣ ለአንቺም አንድ ቃል አለን። ለብዙ ዓመት ብቻሽን ስትወስኚ ኖረሻልና መልቀቁ ይከብድሽ ይሆናል። ሲሳሳት «ድሮም አንተ» አትበይው። ከመንገድ የተመለሰ ሰው የመጀመሪያ ሳምንታት እንቅልፉ የተዛባ ነው፤ እኩለ ሌሊት ቢነቃ፣ ቀን ቢያንጎላጅ፣ የቤቱ ጸጥታ ቢከብደው ቤቱን ጠልቶ አይደለም። የጫት ልማድ ካለበትም መተዉ ጊዜና ትዕግሥት ይፈልጋል። ልጁ ወደ አባቱ ለመቅረብ ቢያመነታም አትደንግጪ፤ አታስገድጂውም። ለልጁ አባቱ ስጦታ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ነበር። ስጦታ ሳይዝ የሚመጣ አባት መልመድ ለሕፃን ጊዜ ይወስድበታል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ከረጅም መንገድ ወደ ከተማ ሹፍርና መዛወር ዕረፍት አይደለም፤ ከማዕረግ ዝቅ ማለትም አይደለም። ሌላ ግዳጅ ነው፤ ዝግጅት፣ ሒሳብና ትሕትና የሚጠይቅ። ልምድ ያለው ሾፌር ከአውራ ጎዳና ወጥቶ ከተማ ሲገባ ማርሹን ይቀንሳል፣ ስፖኪዮውን ያያል፣ ልጅ ሊወጣ ይችላል ብሎ እግሩን ፍሬኑ ላይ ያዘጋጃል። ወደ ቤቱ ሲገባም እንደዚያው ያድርግ። ያን ጊዜ ልጁን በሌሊት ሲያተኩሰው እናቲቱ የጎረቤት በር አታንኳኳም፤ አጠገቧ የተኛውን ትቀሰቅሳለች።